ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ወንድሜ እንደገና ቃመ፤ ድካማችን ከንቱ ቀረ?»

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ወንድሜ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። አምና ጫቱና አረቄው በርትቶበት «ይከታተሉኛል፣ ይሰድቡኛል» እያለ በር ዘግቶ ተቀመጠ። ሆስፒታል ተኝቶ በመድኃኒት ተሻለው፤ አምስት ወር አልቃመም። «ድኛለሁ» ብሎ ኪኒኑን አቆመ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ቅሞ ማታ በአረቄ ጨበሰ። ጠበል ልወስደው አስቤያለሁ። ድካማችን ሁሉ ከንቱ ቀረ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከንቱ አልቀረም። አምስት ወር ያለ ጫት ውሎ ማደር የቻለ ሰው ነው፤ አንድ ቀን ቢቅም ያ አይሰረዝበትም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ኪኒኑን ማቆሙ ነው።

ጥርጣሬው ለቀቀው ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት እንጂ ሥራውን ጨረሰ ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ታሞ የተሻለው ሰው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል እንመክራለን። ለምን እንዳቆመ በቀስታ ይጠይቁት። አደንዝዞት፣ አወፍሮት ወይም እጁን አንቀጥቅጦት ይሆናል። ወንድነቱን አድክሞትም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለእህቱ ባይናገር ለሐኪሙ ይንገር። መጠኑ ይቀነሳል፣ መድኃኒቱ ይለወጣል፤ መዋጥ ለሰለቸውም በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ አለ።

ጫት እንቅልፍ ይነሳል፤ ለጓደኞቹ ምርቃና ብቻ የሆነው ለእሱ ጥርጣሬውን ይቀሰቅስበታል። ምርቃናውን ለመስበር አረቄ፣ በማግስቱ ዱካኩን ለማባረር እንደገና ጫት፤ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። «መጀመሪያ ሱሱን ይተው፣ ከዚያ ይታከማል» የሚሉዎትን አይስሙ፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚታከሙት። በየቀኑ መጠጣት ጀምሮ ከሆነ ግን ቤት ዘግታችሁ አረቄውን ባንዴ አታስቁሙት። በ2 ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ከዚያም ሊያቃዠው ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል።

ጠበሉን ይውሰዱት፣ ኪኒኑንም ይዞ ይሂድ። ጠበል ቦታ መድኃኒት አቋርጠው ብሶባቸው የመጡ ብዙዎችን አክሜያለሁ። የጾሙ ነገር ካስጨነቀው ማታ የሚዋጥ እንዲሆንለት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከማክማቸው አንዱ ጣና ዳር ዓሣ የሚጠብስ ልጅ ነው። ሕመሙ ሊነሳበት ሲል ለእሱ ብቻ የሚሰሙትን ድምፆች ላለመስማት ሬዲዮውን ያስጮኸዋል። እናቱ ይህን ከለየች ወዲህ ሬዲዮው ሲጮህ «ትናንት ተኝተሃል?» ትለዋለች፤ ካልተኛ ይዛው ትመጣለች። የወንድምዎንም ምልክት አብራችሁ ለዩት።

ይህ ሳምንት ሳያልፍ ወደ ታከመበት ክፍል ይውሰዱት። ራሴን ላጥፋ ወይም ሰው ልጉዳ ካለ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ። እንቅልፉ እስኪመለስ ባጃጁን አይንዳ፤ ሲመለስም ጓደኞቹ ከሚቅሙበት ተራ ቢርቅ ይሻለዋል።