ሮለሩ ቆሟል፤ ቀበቶው ግን ይሄዳል

ሰሞኑን ደብዳቤው ሁሉ ስለ ኮንቬየር ሮለር ሆኗል፤ ጭነት የሚያጓጉዘውን ቀበቶ ከሥሩ ስለሚሸከሙት ተሽከርካሪዎች ማለት ነው። ቀበቶውን ሁሉም ያያል። ከሥሩ ያሉትን ግን ካልጮኹ ማን ልብ ይላቸዋል?

ሮለሩ ሲዞር ዘንጉም አብሮ ይዞራል ወይ ብለው ሁለት ባልደረቦች ተወራርደዋል።

አይዞርም። ዘንጉ ፍሬሙ ላይ ተይዞ ይቆማል፤ የሚዞረው ቧንቧው ነው። የተሸነፈው ይክፈል።

ባለ 100 ሚሊሜትሩ ሮለር ከባለ 150ው ይረክሳል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ዙሩ ነው። ቀበቶው በሰከንድ 2 ሜትር ከሄደ፣ ቀጭኑ በደቂቃ 380 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል፤ ወፍራሙ 255 ገደማ። ዙር ሲበዛ ኩሽኔታው፣ ማለትም ቧንቧው ዘንጉ ላይ እንዲዞር የሚያደርገው፣ ቶሎ ያልቃል። ግን ውፍረት ብቻ አይተው አይግዙ። ሦስት ሮለር፣ የዳርና ዳሩ ወደ ላይ አዘንብለው፣ ገንዳ ሠርተው ሲቀመጡ የመሃለኛው ብቻውን ከጭነቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሸከማል። ጭነቱን ለሦስት እኩል አካፍሎ ኩሽኔታ የመረጠ ሰው ተሸወደ ማለት ነው። አቧራና ውሃ ባለበት ደግሞ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ስለሚከላከለው ማሸጊያ ይጠይቁ።

አንድ ሮለር ቆሟል። ሻጩ 50,000 ሰዓት ይሠራል ብሎ ነበር። አለቃዬ ደግሞ "ቀበቶው ይሄድ የለ? ለዓመታዊው ጥገና እንተወው" ይላል።

የሻጩን በአጭሩ ልመልስ። የኩሽኔታ ዕድሜ የሚሰላው ከመቶው 90ው እዚያ ይደርሳሉ ተብሎ ነው። አሥሩ ቀድመው ቢሞቱ ውሸት አይባልም።

የአለቃዎ ግን ያናድዳል። ቀበቶው በቆመው ሮለር ላይ ቀኑን ሙሉ ይንሸራተታል። ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ እየተፋቀ ይሳሳል፣ ከዚያ ይበሳል። የተበሳው ጠርዝ ቢላ ነው፤ ቀበቶውን በቁመቱ ይተለትለዋል። ሮለር ቆጥቦ ቀበቶ መግዛት ይሉሃል ይሄ ነው።

ሙቀቱም አለ። ቀበቶው እየሄደ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሲቆም ግን የጋለው ሮለር ላይ ይተኛል። ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ብናኝ ተከምሮ ከሆነ እሳቱ የሚነሳው ያኔ ነው።

ስለዚህ ይቀየር፤ ግን እርስዎ በሚሄድ ቀበቶ ሥር እጅዎን እንዳይሰዱ! የድንገተኛ ማቆሚያውን ገመድ መሳብ አይበቃም። ኃይሉ ተቋርጦ ማብሪያው ይቆለፍ፣ ቁልፉም የሚሠራው ሰው ኪስ ይግባ። ይህን የሚያውቅ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለ አይነካ።

ሮለሮቹ በስንት ርቀት ይቀመጡ?

ጭነት በሚሸከመው በላይኛው በኩል ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ ቀበቶው ባዶውን በሚመለስበት በታችኛው በኩል 3 ሜትር ገደማ። ጭነቱ በሚወድቅበት ቦታ ይጠጋጉ። ሂሳቡን መሐንዲስ ይሥራልዎ።

ቀበቶው ወደ አንድ ጎን እየሸሸ አስቸገረኝ። ራሱን የሚያስተካክል ሮለር ገዛሁ፤ የት ልግጠመው?

ቆይ፣ ቆይ። ቀበቶ ቀድሞ ወደሚነካው የሮለር ጫፍ ያዘነብላል። መጀመሪያ ክር ወጥረው ፍሬሙ መጣመሙን ይዩ። እሱ ከተቃና የገዙት መጋዘን ይቀመጥ።