አላርም 8 በገና ዋዜማ

አምና የገና ዋዜማ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከጊዮርጊስ የሚመጣው ድምፅ ፒያሳ ያለው ቤታችን ድረስ ይሰማል። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዷል። እኔ ጉልበቴን አሞኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ ቤት እጠብቃለሁ። ስልኬ ጮኸ። ቤርጋሞ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ናት፤ በቪዲዮ። እዚያ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከኋላዋ ሁለቱ ልጆቿ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሶፋው ላይ ተጠቅልለዋል።

«ጋሼ፣ ስቱፋው እምቢ አለ። አላርም 8 ይላል። አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት።»

«ስድስተኛውን እንዳትሞክሪው» አልኳት።

ይህን የምጽፈው ለእሷ ቢጤዎች ነው። ጣልያንም ሁኑ አሜሪካ፣ ቤታችሁን በፔሌት ምድጃ ለምታሞቁ ሁሉ። ፔሌት ማለት ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ማገዶ ነው፤ ምድጃውን ጣልያኖች ስቱፋ ይሉታል። እኔ ቶሪኖ 22 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። የመጨረሻዎቹን ስድስት የብርድ ወራት አንድ ስቱፋ ጠጋኝ ሽማግሌ ጋ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ስገባ ሙያዬ ከንቱ ቀረ። እዚህ የፔሌት ምድጃ ማን አለው? ግን ኅዳር ሲብት ቴሌግራሜ ይጨናነቃል። ሁሉም ፎቶ ይልካል። ፎቶው ላይ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

ቁጥሩ የሚለው ጥቂት ነው። ማሽኑ የት ላይ እንደቆመ ይነግራችኋል፤ ለምን እንደቆመ ግን እሱም አያውቅም። እንደ ቴርሞሜትር ቁጠሩት። 39 ይላል እንጂ ወባ ይሁን ታይፎይድ አይለይም። በብዙ የጣልያን ስቱፋዎች ላይ 5 «አልተቀጣጠለም»፣ 6 «ፔሌት የለም»፣ 8 «አየር በደንብ አይሳብም» እንደማለት ነው። ብዙ ነው ያልኩት፣ ሁሉም አላልኩም። የአንዱ ፋብሪካ 5 ከሌላው 5 ጋር ላይገናኝ ይችላል። አሜሪካ ያሉ አንዳንድ ሞዴሎች ጭራሽ ቁጥር የላቸውም፤ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ፣ ስንቴ እንዳለ መቁጠር የእናንተ ሥራ ነው። መመሪያው የጠፋበት ሰው የሞዴሉን ስም ከጀርባው ከተለጠፈው ጽሑፍ አይቶ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርደው።

አሁን ወደ አምስቱ ሙከራ ልመለስ። ማሽኑ እንደገና በተነሳ ቁጥር የተወሰነ ፔሌት ወደ እሳት ማስቀመጫው ይጥላል። ካልነደደ ይከመራል። የተከመረ ፔሌት ሲቀጣጠል ቶሎ አይነድም፤ መጀመሪያ ይጨሳል። ምድጃው ውስጥ የታመቀው ጭስ ድንገት እሳት ሲያገኝ ቡም ይላል። በሩን ገንጥሎ መስታወቱን ያረገፈ አንድ ስቱፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አንዴ ሞክራችሁ ካልበራ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ ያልነደደውን ፔሌት አውጡ። ያወጣችሁትን ደግሞ «ገንዘብ ነው» ብላችሁ ወደ ላይኛው ማጠራቀሚያ እንዳትመልሱት። አንዲት ፍም ተደብቃ ከገባች ማጠራቀሚያው ራሱ ምድጃ ይሆናል። ቤንዚንና አልኮል ስለማፍሰስ መናገር አልፈልግም። ግን ያደረገ ሰው ስለማውቅ፦ እንዳታስቡት።

የማሽኑ አሠራር እንደሚያስፈራው አይደለም። ሶማሌ ተራ ሄዶ የመኪና ዕቃ የገዛ ሰው ግማሹን ቋንቋ ያውቀዋል። እሳት የምታስነሳዋ ካንዴሌታ ትባላለች፤ የኛው የካንዴላ ትንሽ እህት። በሩን ዙሪያውን የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ነው። ማራገቢያው ሲያረጅ የሚያንጫጫው ኩሽኔታው ነው። ብሎን ለመፍታት ካቻቪቴ ትጠይቃላችሁ። ጣልያኑ ጠጋኝ አፉን ይዞ ሳቀ፤ እሱ ሳያስተምረኝ የዕቃውን ስም ሁሉ አውቅ ነበራ። አዲስ ቃል የሆነችብኝ ኮክሌያ ብቻ ናት። እሷም የስጋ መፍጫ ውስጥ ያለችውን ጠመዝማዛ ብረት ትመስላለች። ፔሌቱን ከማጠራቀሚያው እየገፋች ወደ እሳቱ ትጥላለች። አንድ ማራገቢያ ጭሱን ወደ ውጭ ይስባል፣ ሌላው የሞቀውን አየር ወደ ቤቱ ይነፋል። ጭሱ በደንብ ካልተሳበ አንዲት ትንሽ የግፊት መቆጣጠሪያ ኮክሌያዋን ታቆማለች። በቃ፣ አላርም 8 ይህቺው ናት።

ከአሥር ጥሪ ሰባቱ፣ ስምንቱ የሚያልቀው አመድ በመጥረግ ነው። ይህን ከራሴ ሥራ ነው የምናገረው። ስለ አመድ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

እናቴ ማታ ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍና ታሳድረው ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሙ ቀልቶ ይጠብቃታል። ይህን እያየሁ ያደግኩት ሰው፣ በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ማታ ያጠፋሁትን ስቱፋ በማግስቱ ጠዋት በቤት ቫኪዩም መጠጥኩት። አመዱ እጅ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ ረመጥ አለ። የቫኪዩሙ ከረጢት ወረቀት ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አየር እየሳበ ያናፋለታል። መጀመሪያ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ መጣ። ቀጥሎ ጭስ። ገመዱን ነቅዬ ቫኪዩሙን በረንዳ ላይ ወረወርኩት። የታችኛዋ ጎረቤቴ ሲኞራ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፈው። ለአመድ ተብሎ የተሠራ፣ የብረት ሆድ ያለው ቫኪዩም አለ፤ እሱን ግዙ። እሱም ቢሆን ለቀዘቀዘ አመድ እንጂ ለፍም አልተሠራም። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ፣ ከእንጨት ወለልና ከካርቶን ርቆ ይቀመጥ።

ጽዳቱን እሳቱ ከሚነድባት ትንሽ ቅርጫት ጀምሩ። ጣልያኖች ብራቼሬ ይሏታል። አውጧትና ወደ ብርሃን ያዟት። እንደ ወንፊት ቀዳዳ በቀዳዳ ናት። ብርሃን የማያሳልፍ ቀዳዳ ካያችሁ በሽታው እሱ ነው። አመዱ ቀልጦ እንደ ጠጠር ስለሚጋገር ብሩሽ አይበግረውም። ምስማር ወይም ቀጭን ካቻቪቴ ይዛችሁ አንድ በአንድ ውጉት። ከዚያ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ፤ ቅርጫቷ የምትቀመጥበት ጉድጓድ ራሱ መጠረግ አለበት። እዚያ የቀረ አመድ ቅርጫቷን በአንድ ጎን ያነሳታል። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትነሳ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ የካንዴሌታዋም ሙቀት ቀዳዳውን ይስታል። «ካንዴሌታው ተቃጥሏል» ተብሎ አዲስ የተገዛለት ስንት ስቱፋ አመድ ላይ የተቀመጠ ብራቼሬ ብቻ ነበረው! እኔ ራሴ፣ ሙያውን ከማወቄ በፊት፣ አንድ ጠጋኝ መጥቶ አሥር ደቂቃ ጠርጎ 90 ዩሮ ተቀብሎኛል። ሲሠራ እንዳላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። የልቤን አውቆ ነው መሰለኝ።

የአመድ መሳቢያውን ማንም አይረሳውም። ከምድጃው ውጭ ጭሱ ወደ ላይ የሚታጠፍበት የቲ ቅርጽ ያለው ቱቦ ግን ይረሳል። ከሥሩ ክዳን አለው። ክፈቱት፣ ከበታቹ ጋዜጣ ዘርጉ። ዓመት ሙሉ ካልተከፈተ የሚወርደው አመድ ያስደነግጣችኋል። ከግፊት መቆጣጠሪያዋ ወደ ምድጃው የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦም አለች። ጫፏ በአመድ ይደፈናል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ከጀርባ ያለውን ክዳን መክፈት የምትደፍሩ ከሆነ፣ ሶኬቱ መነቀሉን አረጋግጡና ቱቦዋን ከመቆጣጠሪያዋ ላይ ነቅላችሁ ወደ ምድጃው በኩል እፍ በሉባት። ወደ መቆጣጠሪያዋ ግን አትንፉ፤ ውስጧ ያለው ስስ ሽፋን በሰው ትንፋሽ ይበላሻል።

የበሩን ጓርኒሲዮን ለመፈተን ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ከያዘ ደህና ነው። እንደ ቅቤ ሾልኮ ከወጣ አልቋል፣ ይቀየር። አራቱንም ጎን ሞክሩ። መስታወቱን በእርጥብ ጋዜጣ ትንሽ አመድ ነክራችሁ እሹት፤ ሌላ ኬሚካል አያስፈልገውም።

«አልተቀጣጠለም» ሲልስ? ማጠራቀሚያው ውስጥ ፔሌት አለ? ቀልድ አይደለም፤ ማታ በጨለማ ሲያዩት ፔሌት ያለው የሚመስል ባዶ ማጠራቀሚያ ብዙ አይቻለሁ። አንዳንዴ ፔሌቱ ከላይ ድልድይ ሠርቶ ይቆምና ከሥሩ ኮክሌያዋ ባዶ ትዞራለች። የጋራዥ ወለል ላይ ያደረ ከረጢት እርጥበት ይስባል፣ ፔሌቱ ያብጣል፣ ኮክሌያዋ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። ከረጢቱን ከሲሚንቶው ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡ። ስትገዙ ኤ1 የሚል ማረጋገጫ ያለውን ፈልጉ። እሱ ላይ እርጥበቱ ከ10 በመቶ፣ አመዱ ከ0.7 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 15 ኪሎ ከረጢት ሲነድ የሚተወው አመድ ቢበዛ 105 ግራም ያህል ነው። ከሁለት ከረጢት በኋላ ባልዲ የሚሞላ አመድ ከጠረጋችሁ የገዛችሁት ፔሌት ሳይሆን የአናጢ ቤት ጥራጊ ነው።

ጀርባው ላይ በጥቁር ክዳን የተሸፈነች የምትጫን ቁልፍ አለች። ምድጃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ትዘላለች። ከቀዘቀዘ በኋላ አንዴ መልሳችሁ ተጫኗት። ደግማ ከዘለለች እጃችሁን ሰብስቡና ጠጋኝ ጥሩ። ኤሌክትሪኩንና የጭስ ማራገቢያውን ሞተርም ለእሱ ተዉለት። በዓመት አንዴ ጭስ ማውጫውን በባለሙያ ማስጠረግ ደግሞ ግዴታችሁ ነው፤ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ስትደውሉለት «ስቱፋዬ ተበላሸ» አትበሉ። ኮዱን፣ ሲቀጣጠል ይሁን እየነደደ የቆመው፣ የጠረጋችሁትን ንገሩት። የሚያውቅ ደንበኛ ላይ ዋጋ አይጫወቱም።

አንድ ነገር ብቻ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። እኛ አገር ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነሱ ቀሩ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ፔሌትም ያው እንጨት ነው። ጭሱ ወደ ቤት ከተመለሰ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። ጠቋሚ መሣሪያውን ግዙና መኝታ ቤት አካባቢ ስቀሉት። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማልና የምድጃውን በር አትክፈቱ።

ወደ ቤርጋሞ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ብራቼሬውን ያን ቀን ጠዋት ጠርጋዋለች። ቀዳዳዎቹን በካሜራ አሳየችኝ፤ ንጹሕ ናቸው። ወረቀቱን በበሩ ሳብነው፤ ያዘ። የቲውን ክዳን ባለፈው ቅዳሜ ከፍታዋለች። እኔም ግራ ገባኝ። ዝም ስንል ግን አንድ ነገር ከኋላዋ ያጓራል።

«ምንድነው እሱ?»

«ካፓው ነው ጋሼ፣ የማድ ቤቱ ሽታ ማውጫ ማራገቢያ። ዶሮ እየሠራሁ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ጎረቤት እንዳይናገረኝ መጨረሻው ላይ አድርጌዋለሁ።»

የማድ ቤት ካፓ በሰዓት 300፣ 400፣ ከዚያም በላይ ሜትር ኪዩብ አየር ከቤት ይስባል። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ስቱፋውና ካፓው አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ አየር ገመድ ጉተታ ይዘዋል ማለት ነው። ካፓው ያሸንፋል።

«ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ቀዳዳስ?»

ዝም አለች። «ብርድ ያስገባል ብዬ የልጆቹን አሮጌ ሹራብ ወትፌበታለሁ» አለች ቆይታ።

ካፓውን አጠፋች። ሹራቡን ጎትታ አወጣች፤ እጅጌው ብቻ አንድ ክንድ ይሆናል። ብራቼሬው ውስጥ እስከ ግማሽ የተከመረውን ያልነደደ ፔሌት በማንኪያ ዛቀች። አበራችው። ስልኩን ሳንዘጋ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። መጀመሪያ ጭስ፣ ቀጥሎ ብልጭታ፣ ቀጥሎ ቢጫ ነበልባል።

«ወጡስ ጋሼ?»

«ካፓውን በትንሹ ክፈቺው፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጊ። ቀዳዳውን ግን እንዳትነኪው።»

በማግስቱ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ቁጥር የለበትም። ዶሮ ወጥ ነው።