ዜሮ የሰጠኋት ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጻፈልኝ። የፊዚክስ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛ ዓመት። «ጋሼ፣» ይላል፣ «ክፍል ውስጥ የምጸልይ ሰው መሆኔን እደብቃለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ የምማረውን እደብቃለሁ። ደከመኝ። እምነትና ሳይንስ አብረው መኖር ይችላሉ? ወይስ አንዱን ልተው?»

ወዲያው ልመልስለት ቁጭ አልኩ። አንድ መስመር እንኳን አልወጣኝም። ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ስለዚህ አስቀድሜ ስለ እሷ ልንገርህ፤ እንዳንተ ሁለት ቦታ ለሚደበቁትም ጭምር።

ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ እንዲያደንቁኝ እፈልግ ነበር። ለፈተና ያወጣሁት ጥያቄ ቀላል ነው። በአንድ የድንጋይ ቅንጣት ውስጥ ያሉት የዩራኒየም-238 አቶሞችና የሊድ-206 አቶሞች (ሊድ እርሳስ የምንለው ብረት ነው) ቁጥራቸው እኩል ነው፤ የድንጋዩ ዕድሜ ስንት ይሆናል? ከዩራኒየም-238 ግማሹ ፈርሶ በመጨረሻ ወደ ሊድ እስኪለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። መልሱ ይኸው ነው።

ልጅቷ መልሱን አግኝታዋለች። አጻጻፏ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቁጥሮቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ አንድም ስርዝ የለም። ከስሌቱ በታች ግን እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ይህ የሚሠራው መጀመሪያ ላይ ሊድ አልነበረም ብለን ከገመትን ነው። ማን አይቶ ነው? እኔ ዓለምን ፈጣሪ እንደፈጠረው አምናለሁ። ይህን ያህል ዓመት አልቀበልም።»

ተናደድኩ። በቀይ እስክሪብቶ ሙሉውን ገጽ ሰረዝኩትና ዜሮ ጻፍኩበት። እሱም አልበቃኝም። ወረቀት በምመልስበት ቀን ክፍሉ ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «እዚህ መካከላችን ሰባኪ አለች» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አላለቀሰችም። ተነስታ መጥታ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለችኝ። አራት ቦታ አጠፈችው፤ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ድረስ ሰሌዳውን እያየች ማስታወሻ ስትጽፍ ነበር። ይህ ነው እስካሁን የሚያሳምመኝ። ካዋረድኳት በኋላም ትማር ነበር። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ክፍል ቀየረች። የት እንደደረሰች ጠይቄ አላውቅም። ለመጠየቅ አፍሬ ነው።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቴ የጭካኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጅን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ስለ እሱ ልመክርህ አያስፈልግም። የገባኝ ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን የበደልኩት ልጅቷን ብቻ አይደለም፤ ፊዚክሱንም ነው።

ጥያቄዋን እስቲ መልሰህ አንብበው። «መጀመሪያ ላይ ሊድ አልነበረም ብለን ከገመትን ነው። ማን አይቶ ነው?» ከክፍሉ ሁሉ ይህን የጠየቀች እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ ግምቱን ከእኔ ተቀብለው አስልተው ሄዱ። እሷን ያስጠየቃት እምነቷ ነው፤ ጥያቄው ግን የጠራ የሳይንስ ጥያቄ ነው። መልስም አለው። ዚርኮን የሚባል ማዕድን አለ። ከቀለጠ ዓለት ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ሲሠራ ዩራኒየምን ያስገባል፤ ሊድ ግን ከቅርጹ ጋር ስለማይገጥምለት ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ኋላ ውስጡ የምናገኘው ሊድ በአብዛኛው እዚያው የተወለደ ነው። ደግሞ ዕድሜ የሚነግረን ሰዓት አንድ ብቻ አይደለም። ዩራኒየም-235 የሚባልም አለ። እሱ ወደ ሊድ-207 ነው የሚለወጠው፤ ግማሹ ለመለወጥ 704 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይበቃዋል። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ሰዓቶች አንድ ዕድሜ ከነገሩህ ግምቱ ጸንቷል ማለት ነው። በመሃል ሊድ ሾልኮ ወጥቶ ከሆነ ሁለቱ አይስማሙም፤ ነገሩ ይጋለጣል።

ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። ሳይንቲስቱ ክሌር ፓተርሰን በ1956 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ሲያወጣ የተጋፈጠው ይህንኑ የእሷን ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሊድ አልነበረም ብሎ አላለፈም። ዩራኒየም የሌለበት ሊባል የሚችል፣ ከሰማይ የወደቀ የብረት ድንጋይ (ሜትዮራይት) ወስዶ በውስጡ ያለውን ሊድ ለካ። ያ ሊድ ከዩራኒየም የመጣ ሊሆን አይችልም፤ ከመነሻው የነበረ ነው። ይህን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ላስረዳት አሥር ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። ብነግራት ላትስማማ ትችል ነበር፤ መብቷ ነው። ግን በሰው ሳቅ ፋንታ መልስ ይዛ ትሄድ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በዚያ ሳምንት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እጸልይ ነበር። ሰው ሲመጣ ስልክ የምጠብቅ እመስላለሁ። ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ክፍል እገባለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ቢያውቁብኝ ምን ይሉኛል የሚለው ያስፈራኝ ነበር። ታዲያ ያቺ ልጅ እኔ የደበቅሁትን በስሟ ጽፋ ሰጠችኝ። የተናደድኩት ለዚህ ነው። ፊዚክስን ልጠብቅ አልነበረም።

እናቴን ካነሳሁ አይቀር፣ እሷ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። አንድ ምሽት በመስኮቱ በኩል ኮከብ አየችና ስለሱ እንድነግራት ጠየቀችኝ። አንዳንዱ ኮከብ ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ይፈጃል አልኳት። አሁን የምታይው ብርሃን የተነሳው አንቺም አያትሽም ሳትወለዱ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንዲህ ሩቅ መሆኑን ሳላውቅ ነው ሳመሰግነው የኖርኩት» አለች። አልደነገጠችም። የእኔ ቁጥር ከእምነቷ ላይ ምንም አልቀነሰባትም። ሁለት ዲግሪ የነበረኝ እኔ ግን ኮሪደር ላይ እደበቅ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ፣ ልጄ። አብረው ይኖራሉ ወይ ካልከኝ፣ ኖረዋል። ጽንፈ ዓለሙ እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን በ1927 በስሌት ያሳየው ጆርጅ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው፣ ጽንፈ ዓለሙ ከአንድ እጅግ ትንሽ መነሻ ሰፋ የሚለው ሐሳብም በ1931 ካቀረበው ይመነጫል። አብዱስ ሳላምና ስቲቨን ዋይንበርግ በ1979 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ሲጋሩ፣ ሳላም በግብዣው ላይ ባደረገው ንግግር ከቁርአን የጠቀሰ አማኝ ሙስሊም ነበር። ዋይንበርግ በፈጣሪ መኖር አያምንም ነበር። የደረሱበት ሕግ ግን አንድ ነው። ሒሳቡ ላይ የማን እጅ አማኝ፣ የማን እጅ ኢአማኝ እንደሆነ ፈልገህ አታገኝም።

ግን አላባብልህም። ግጭት የለም የሚሉህን አልቀበላቸውም። ጋሊልዮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ በ1633 ተፈርዶበት እስከ ዕለተ ሞቱ ከቤቱ እንዳይወጣ የተደረገው በቀልድ አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስሕተቷን በይፋ ለመናገር እስከ 1992 ወስዶባታል። አንድ የእምነት ትምህርት ድንጋዩ ስድስት ሺህ ዓመቱ ነው ካለና ድንጋዩ 4 ቢሊዮን ካለ፣ ስለ ድንጋዩ የሚታመነው ድንጋዩ ነው። ይህን ለማንም ብዬ አላለዝብም። ያቺ ልጅ ስለ ዓመቱ ተሳስታ ነበር። ድንጋዩ ደግሞ ጸሎትህ የት እንደሚደርስ ወይም የበደለህን ይቅር በል ወይ አትበል የሚለውን አይነግርህም።

«ታዲያ ሁለቱን ለየብቻ ክፍል አስቀምጬ ልኑር?» ትለኝ ይሆናል። ብዙ ብልህ ሰዎች እንደዚያ ይመክራሉ። እኔ አልመክርም። እኔ እንደዚያ ኖሬ አይቼዋለሁ፤ አንዱ ክፍል ኮሪደሩ፣ ሌላው የማስተምርበት ነበር። በመካከላቸው ያለውን በር ዘግቼ ሰው ጎዳሁ። አሁን እዚህ ላይ፣ ቅድም ድንጋዩ ይህን ይነግርሃል፣ ያን አይነግርህም ያልከው ራሱ ክፍል መለየት አይደለም ወይ ብትለኝ፣ ልክ ነህ። ነው። እስከ መጨረሻው አልፈታሁትም።

ስለ እናንተ ዘመን አንድ የሚያሳዝነኝን ልናገር። በስልካችሁ የምታዩት ክርክር ሁሉ ማን ማንን አፉን አስያዘው ነው። አንዱ አማኙን ሲያዋርደው በደቂቃ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሌላው ሳይንቲስቱን ሲያዋርደው እንዲሁ። ሁለቱም ያን ቀን ሰሌዳ ፊት ቆሜ የሠራሁትን ነው የሚሠሩት፤ የሚስቀው ሰው ብቻ በዛ። አማኝ የሆናችሁት ደግሞ አዲስ ግኝት በተሰማ ቁጥር «ይህማ በእኛ መጽሐፍ ድሮ ተጽፏል» ለማለት ትቸኩላላችሁ። ተዉት። በ1951 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የለሜትርን ሐሳብ ለፍጥረት ማረጋገጫ አድርገው ሲናገሩ፣ ቄሱ ለሜትር ራሱ አልተደሰተም። ቲዎሪ ነገ ሊወድቅ ይችላል። እምነትህን እሱ ላይ ካስደገፍክ አብሮት ይወድቃል።

በሌላ በኩል ግን ከእኛ ትደፍራላችሁ። አንተ በስምህ ጽፈህልኛል። እኔ በአንተ ዕድሜ ለማንም አልጽፍም ነበር።

ስለ ቤትህ፣ ከቢሊዮን ዓመታት አትጀምርላቸው። መጀመሪያ አንተን ራስህን ያስደነቀህን ንገራቸው፤ የኮከቡን ብርሃን ይሁን ሌላ። ምናልባት እንደ እናቴ ያስደንቁህ ይሆናል። ስለ ክፍሉ ደግሞ መደበቁን ተው። ስሌትህን ጨርስ፣ ጥንቅቅ አድርገህ። ከዚያ የማይዋጥልህ ነገር ካለ ከሥሩ ጻፈውና መምህርህን ጠይቅ። እንደ እኔ ያለ መምህር ገጥሞህ ዜሮ ከሰጠህ ወረቀቱን እንዳትጥለው። ላክልኝ፤ ደግሜ አርሜው እመልስልሃለሁ።