የጽጌረዳ ቤት በነበረ አፈር ላይ ቲማቲም

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ቢሾፍቱ አካባቢ ቀድሞ ጽጌረዳ ይመረትበት የነበረ ግሪንሃውስ ተከራይተናል። ላስቲኩ ደህና ነው፤ የጠብታ መስኖውም ይሠራል። ቲማቲምና ሰላጣ ልንተክል ስንዘጋጅ አንድ ጎረቤታችን «ያ አፈር እኮ ለዓመታት መርዝ ሲጠጣ የኖረ ነው» ብለው አስደነገጡን። ቤቱ ሥራ ከፈታ 8 ወር ሆኖታል። መርዙ እስካሁን አልጠፋም ይሆን? ልጆቻችንም ከዚሁ ነው የሚበሉት።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቢሾፍቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎ በከንቱ አላስደነገጡዎትም። በወጣትነቴ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ የርጭት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጽጌረዳን ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰው በሽታ አይለቀውም፤ እኛም መርጫውን ከጀርባችን አናወርድም ነበር። አበባ አይበላማ! ከዚያ አፈር ነገ ሰላጣ የሚበላ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መጀመሪያ እዚያ ይረጭ የነበረውን መድኃኒት ስም ይወቁ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት አይጠፋም። ማንኮዜብ የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት አፈር ውስጥ በቀናት ውስጥ ይፈርሳል፤ በ8 ወሩ አያሳስበኝም። ሌላው የፈንገስ መድኃኒት ካርቤንዳዚም ግን ተክል በሌለበት አፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ ከ6 እስከ 12 ወር ሊወስድ ይችላል። ለፈንገስ የሚረጨው መዳብ ደግሞ ማዕድን ስለሆነ ከዓመት ዓመት ይከማቻል እንጂ አይፈርስም። የአውሮፓ ኅብረት በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ እንዳይረጭ የከለከለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ በእነዚያ 8 ወራት አፈሩ ውኃ አግኝቷል? መድኃኒቱን የሚያፈርሱት በዓይን የማይታዩ የአፈር ተሕዋስያን ናቸው፤ እነሱም ያለ እርጥበት አይሠሩም። ላስቲክ ሥር ዝናብ አይገባም፣ የፀሐዩም ኃይል ይቀንሳል። ደርቆ የከረመ አፈር 8 ወር አረፈ አይባልም። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለው ጠብታውን ይክፈቱና አፈሩን ለሳምንታት እርጥብ አድርገው ያቆዩት።

ከዚያ እርሻ እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው የመድኃኒት መበጥበጫው ጥግ ነው። በርሜሉ ከቆመበት ሲሚንቶ ዳር አፈሩ ሰማያዊና ቢጫ ሆኖ ደርቆ፣ አረም እንኳ አይበቅልበትም ነበር። መርጫ ሲታጠብ፣ ከረጢት ሲራገፍ የሚፈሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እርስዎም ግሪንሃውስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥግ አይጠፋም፤ ፈልገው ያግኙት። ምንም አይትከሉበት፤ አፈሩንም በአካፋ አንስተው ወደ መደቦቹ አይበትኑት። ልጆቹ እዚያ እንዳይጫወቱ አደራ።

ባለንብረቱን የርጭት መዝገቡን ይጠይቁ። ወደ ውጭ የሚልክ እርሻ በየትኛው ቀን ምን እንደተረጨ ይጽፋል። ለምርመራ ሲሄዱ ከመደቦቹ 20 ሴንቲ ያህል ጥልቀት፣ ከ15 የማያንሱ ቦታዎች አፈር ወስደው ይቀላቅሉ፤ የመበጥበጫውን ጥግ ግን ለብቻው ይያዙ። መዳብን ስሙን ጠርተው ያስመርምሩ፤ ብዙ ፀረ ተባይ በአንዴ የሚያየው ምርመራ አያሳየውም። ባቄላ ዘርቶ ማየት የሚሉ አሉ። ባቄላው ቢያምር አፈሩ ተክል አልጎዳም ማለት ነው እንጂ ቅሪት የለበትም ማለት አይደለም።

ሰላጣውን ለመጀመሪያው ዙር ይተዉት። ሥር የሳበው መድኃኒት ከውኃው ጋር ወጥቶ ይበልጡን ቅጠል ላይ ነው የሚቀረው፤ ወደ ፍሬው የሚደርሰው ያነሰ ነው። ካሮትም ይቆይ። በቲማቲሙ ይጀምሩ።

ቲማቲሙ በተራው ዋግ ሲመታው ደግሞ እርስዎም መድኃኒት መርጨትዎ አይቀርም፤ እኔን ከአፈሩ የበለጠ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሪዶሚል በሚባለው የዋግ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ተክሉ ውስጥ ይገባል፤ ቲማቲሙን ቢያጥቡት አይወጣም። ግሪንሃውስ ውስጥ የሚያጥበው ዝናብም የለም። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ መለያው ላይ ተጽፏል፤ ቲማቲም ግን በየሦስት አራት ቀኑ ይለቀማል። ስለዚህ ርጭቱን ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ይጨርሱ። የጎኑን ላስቲክ ጠዋት ጠዋት ጠቅልለው ከፍ ያድርጉት፤ ቅጠሉ ቶሎ ከደረቀ ዋጉም አይበረታም።

መዝገቡን ካገኙት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ እያንዳንዱን ስም አብረን እናየዋለን።