አምፕሮሊየምን ከቫይታሚን ጋር ለምን አንሰጥም?

ለገጣፎ ላይ «የ5 ሳምንት ጫጩቶቼ ደም የቀላቀለ ኩስ ይጥላሉ፤ አምፕሮሊየምና ቫይታሚን አብሬ ሰጥቼ 3ኛ ቀኔ ነው፣ ሞቱ አልቆመም» ላሉት፦ በመጀመሪያ ቫይታሚኑን ከውሃው ያውጡ።

ይህን ደም የቀላቀለ ኩስ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው፤ አምፕሮሊየም የእሱ መድኃኒት ነው። አንጀት ውስጥ ሲራባ ስኳርን ወደ ኃይል ለመለወጥ ቫይታሚን ቢ1 የግድ ያስፈልገዋል። አምፕሮሊየም ቢ1ን ስለሚመስል ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን በር ይዘጋበታል፤ ጥገኛውም ኃይል አጥቶ ይቆማል። ቢ1 በብዛት ሲጨመር ግን በሩን መልሶ ይይዘዋል፣ የገዙት መድኃኒት ከንቱ ይቀራል። ቢ1 ያለበትን ቢ ኮምፕሌክስ መስጠት ያለብዎት ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ኤ እና ኬ ብቻ ያለው ቫይታሚን ግን አይከለከልም።

የሞተችውን ይክፈቷት፤ ሁለቱ ዕውር አንጀቶች (ትንሹና ትልቁ አንጀት ሲገናኙ ያሉት ከረጢቶች) አብጠው ደም ከሞላባቸው ኮክሲዲያ ለመሆኑ ጥርጣሬ የለውም። ለ20 በመቶው ዱቄት መጠኑ፦ በ20 ሊትር ጀሪካን 24 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን፤ ከዚያ 6 ግራም፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ፤ ሌላ የሚጠጡት ውሃ አይኑር። የታመመች ጫጩት መብላት ብታቆምም ትጠጣለች፤ ለዚህ ነው በመኖ ሳይሆን በውሃ የሚሰጠው።

መድኃኒቱ በይበልጥ የሚመታው ጫጩቷ ከተበከለች በ3ኛው ቀን ገደማ ያለውን የጥገኛውን የመጀመሪያ ትውልድ ነው። ደሙ የሚመጣው ከሁለተኛው ትውልድ፣ 5ኛው ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ ደም የጣሉት ጥቂቶች ሊሞቱ ይችላሉ፤ ሕክምናው በዋናነት የሚያተርፈው ገና ደህና የሚመስሉትን ስለሆነ ቤቱን በሙሉ ያክሙ።

ወደ ጉዝጓዙ እንምጣ። ከኩስ ጋር የወጣው የጥገኛው እንቁላል ወዲያው አይበክልም፤ ለመብሰል ኦክስጅን፣ እርጥበትና ሙቀት ይፈልጋል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲያገኝ በ1 ወይም 2 ቀን ይደርሳል። ከዚያ በውስጡ ያጠራቀመውን ስታርች እየቆጠበ እርጥብ ቦታ ላይ ወራት ይቆያል፤ ስንቁ ሲያልቅ የመበከል አቅሙም ይዳከማል። በክረምት መጋረጃው ተዘግቶ ሲውል በመጠጫው ዙሪያ ያለውን ሰጋቱራ በእጅዎ ይጨብጡ። ኳስ ሆኖ ካልፈረሰ አውጥተው ይቀይሩት። በረኪና ቅርፊቱን አያልፍም፤ የሚገድለው የፈላ ውሃና ድርቀት ነው።

ለሚቀጥለው ዙር መኖው ሞኔንሲን (ከመኖ ጋር የሚቀላቀል የኮክሲዲያ መከላከያ) ካለበት ሥራው ሌላ ነው፦ ሶዲየም ወደ ጥገኛው ሕዋስ ያስገባል፣ ሕዋሱም ሶዲየሙን ለማስወጣት ኃይሉን ጨርሶ አብጦ ይፈነዳል። ሞኔንሲን የሚበሉ ዶሮዎች ቲያሙሊን የተባለው አንቲባዮቲክ አይሰጣቸው፤ ይገድላቸዋል። ከሁሉ በላይ አህያና የጋሪ ፈረስ ከዚያ መኖ እንዳይቀምሱ፤ ጥቂቱ ልባቸውን ይጎዳል፣ ማርከሻም የለውም። የከረጢቱን ትራፊ እንኳ አይስጧቸው።