ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር አልስማማ ስትሉ

በድሬዳዋና በሐረር በንግግር የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሙያችን ሲከራከር የኖረ ነው። አድለር የሳይኮአናሊሲስ (ልጅነትንና ስውር ፍላጎትን የሚመረምር ሕክምና) መሥራች ከሆነው ከፍሮይድ የተለየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ነው፤ ሌላው ባልደረባው ዩንግም ብዙ አልቆየም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለንደን ላይ የሁለት ሳይኮአናሊስቶች፣ የአና ፍሮይድና የሜላኒ ክላይን፣ ወገኖች ተፋጠው፣ የብሪታንያ ሳይኮአናሊስቶች ማኅበር ከመሰንጠቅ የዳነው ሥልጠናውን ለሁለት መስመር ከፍሎ ነው።

እኔ በኋላ ኮግኒቲቭ (ሐሳብን የሚመረምር) ሕክምናን የመሠረተው የአሮን ቤክን አካሄድ እመርጣለሁ። ሳይኮአናሊስት ሆኖ፣ በድባቴ የተያዘ ሰው ሳያውቀው መሰቃየትን ይሻል የሚለውን የገዛ ጎራውን ሐሳብ ሊያረጋግጥ ተነሣ። የታካሚዎቹ ሕልም መጀመሪያ የደገፈው መሰለ። በሙከራ ግን ሥራ ተሰጥቷቸው ሲሳካላቸው ስሜታቸው ተሻሻለ፤ ስቃይ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይሆንም። ጎራውን የለቀቀው መምህሮቹን ጠልቶ ሳይሆን ግምቱ ስላልሠራ ነው።

እናንተም ሱፐርቫይዘራችሁን «የእርስዎ ዘዴ አርጅቷል» አትበሉ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት መላምት ጻፉ፤ የእሳቸውንና የእናንተን። ከየአንዳንዱ ሥር «ይህ ልክ ከሆነ እስከ ስድስተኛው ቀጠሮ ምን ይለወጣል?» የሚለውን መልሱ። ለድባቴ ፒኤችኪው-9 የሚባለውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ በየቀጠሮው አስሞሉ። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10ና ከዚያ በላይ ትኩረት ይሻል፤ 5 ነጥብ ከወረደ ለውጥ አለ። ከመደመራችሁ በፊት ግን ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀውን ዘጠነኛውን ጥያቄ እዩ። እዚያ ከ0 ሌላ ነገር ከተሞላ የጎራው ክርክር ይቆይ፤ ታካሚውን ስለ ደኅንነቱ በግልጽ ጠይቁት።

እዚህ አገር ሁለቱም ወገን የሚስተው ጫትን ነው። «ቀፊራ ገበያ መሐል ልቤ ሊወጣ ደረሰ» የሚል ሰው ሲመጣ አንዱ ልጅነቱን፣ ሌላው ሐሳቡን ይቆፍራል። ምርቃና ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሀራራውም ድባቴ ይመስላል። በርጫው የተጀመረበትን፣ ያበቃበትንና የተኛበትን ሰዓት ታካሚው ለሁለት ሳምንት ይመዝግብ። ብዙ ክርክር እዚያው ያልቃል።

ዘዴ ስታደባልቁም ተጠንቀቁ። ፍርሃቱን እንዲጋፈጥ ገበያ የላካችሁትን ሰው «ሲመጣብህ በረጅሙ ተንፍስ» ካላችሁት፣ «ያዳነኝ ትንፋሼ ነው» ብሎ ይመለሳል፤ ፍርሃቱ ብቻውን እንደሚበርድ አይማርም። (የባህሪ ሕክምና ሰዎችም በዚህ ላይ አንድ አይደሉም።)

ከስድስተኛው ቀጠሮ በኋላ ያንን ገጽ ከሱፐርቫይዘራችሁ ጋር ክፈቱት፤ ታካሚው በሌለበት። የወደቀው መላምት የእናንተ ከሆነ ቀኑን ጽፋችሁ በገዛ እጃችሁ ሰርዙት።