ሐይቁ ለምን ሞላ? ኤአይስ መጽሐፍ ያነብልናል? የሐዋሳ አንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ዝናብ ጠፋ እየተባለ ሐይቁ ይሞላል። ታዲያ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው ምኑ ላይ ነው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ጥሩ ጠየቅሽ። መጀመሪያ ሐይቁን እንየው። የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባበታል እንጂ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። ውሃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ መሬት በመስረግ ነው። ስለዚህ ደህና ዝናብ ከተከታተለ ከፍ ይላል። ዳር ዳሩን የተሠራው ግድብም ለዚሁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በምሥራቅ በኩል ጨለለቃ የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነበር። ዛፉ ካለቀበት ዳገት እየታጠበ በመጣ ደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆነ። ደለሉን እዚያ የሚያስቀር ሐይቅ ከሌለ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ይሄ የሙቀት ሳይሆን የመጥረቢያና የማረሻ ሥራ ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱም እዚሁ እኛው ልናስቆመው እንችል ነበር።

ሙቀቱስ? አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ሲደርቅ ከመሬቱ አብዝቶ ይመጥጣል፣ ሲዘንብ ደግሞ ባንዴ ያወርደዋል። ድርቁና ጎርፉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሃዋይ ማውና ሎዋ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1958 መለካት ሲጀምር ሙቀትን አፍኖ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 315 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። በአንድ ክረምት አትፍረጂ፤ የብዙ ዓመት መዝገብ እይ።

«ተማሪዎቼ ልብ ወለዱን ሳያነቡ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) አሳጥረው ያመጣሉ። ልከልክላቸው?» (መምህር)

መከልከሉ ብዙ አያዋጣዎትም፤ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ይልቅ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩአቸው። ኤአይ ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል ይገምታል። በአማርኛ የተማረው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ የሌለ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ፣ አሳምሮ፣ በልበ ሙሉነት ሊነግራቸው ይችላል።

አንድ ምዕራፍ ያሳጥርላቸው። ከዚያ መጽሐፉን ገልጠው «ይሄ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲፈልጉ ያድርጓቸው። ሲያጡት ማንበብ ጀመሩ ማለት ነው! ቀጥሎ አንዷ ተማሪ አንድ ገጽ ጮክ ብላ ታንብብ፤ ሌላው «ሰውየው ለምን ዝም አለ?» የሚለውን በራሱ አፍ ይመልስ። ማሳጠሪያው ታሪኩን ሊሰጥ ይችል ይሆናል። ዝምታው ግን ልጁ ራሱ ካላነበበው አይገባውም።

«የኤሌክትሪክ መኪና እውነት ይጠቅማል ወይስ ወሬ ነው?» (የባጃጅ አሽከርካሪ)

ለእኛ አገር ይጠቅማል። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ ከጭስ ያመልጣል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ግን ግድቡ የሚሞላው በዝናብ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ መብራቱም ይነካል። ፀሐይና ንፋስ አብረው ማደግ አለባቸው። ለራስህ ከመግዛትህ በፊት ግን ባትሪውን እዚህ የሚጠግን ሰው መኖሩን አጣራ።

«ዓይኔ ደከመ፣ በስልክ ማንበብ ነውር ነው?» (ጡረተኛ እናት)

ኧረ ምን ነውር አለው፣ እማማ! ፊደሉን ያስተልቁት፣ ብርሃኑን ይቀንሱት፣ ዳታውን ያጥፉት። ረጅም ልብ ወለድ ከሆነ ግን ወረቀቱ ይሻላል፤ መልእክት እየገባ አያቋርጥዎትም። ዓይንዎንም ሐኪም ይይልዎት፤ መነጽር ብቻ ሊሆን ይችላል የጎደለው።